አባ ዦርዥ ለሜትር፦ ካህንና የፊዚክስ ሊቅ (1894–1966)

በአራዳ፣ በፒያሳና በውቤ በረሃ ለሚያድጉ ወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው ደጋግሞ የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪው በሳምንቱ ውስጥ በሳይንስ ክፍል፣ ዩኒቨርስ የምንለው ጠቅላላው ፍጥረተ ዓለም ከ13 ቢሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ እንደ መጣ ይማራል። እሑድ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ኦሪት ዘፍጥረት ሲነበብ ይሰማል። ከዚያም ከሁለቱ የትኛውን ማመን እንዳለበት መምህሩን ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከመቸኮላችን በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመናል። ዩኒቨርስ በተፈጥሮ ሕግ ሊጠና የሚችል ጅማሬ እንዳለው በመጀመሪያ ያቀረቡት ሊቅ ካቶሊካዊ ካህን ነበሩ። እኚህ ካህን የቤልጅየም ተወላጅ የሆኑት አባ ዦርዥ ለሜትር ናቸው። ሕይወታቸው ለተማሪው ጥያቄ ጥሩ መልስ ስለሚሰጥ ለውድ አንባብያን በአጭሩ እንተርከዋለን። የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሁለት ጥሪ

ዦርዥ ለሜትር ጁላይ 17 ቀን 1894 በሻርለርዋ ከተማ ተወለዱ። ሻርለርዋ በዚያ ዘመን የድንጋይ ከሰል፣ የብረትና የመስተዋት ሥራ ከተማ ነበረች። አባታቸው ሕግ የተማሩ ሲሆኑ የመስተዋት ፋብሪካ ነበራቸው። ዦርዥ ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ናቸው። በከተማዋ በሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ሲማሩ ለሒሳብ ያላቸው ተሰጥዎ ጎልቶ ታየ፤ ገና በልጅነታቸውም ካህንም የሳይንስ ሰውም የመሆን ምኞት አደረባቸው። እነዚህ ሁለት ምኞቶች አብረው ተወለዱ፤ በሕይወታቸው ዘመን ሁሉም አንዱ ሌላውን ሲገፋው አልታየም።

የአባታቸው ፋብሪካ በእሳት ከወደመ በኋላ ቤተ ሰቡ በ1910 ወደ ብራስልስ ተዛወረ። ዦርዥም በ1911 በሉቫን ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ጀመሩ።

ትምህርቱ ሳይፈጸም በኦገስት 1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የ20 ዓመቱ ወጣት በፈቃደኝነት ዘመቱ፤ አራት ዓመት ሙሉም በውጊያ ላይ ቆዩ። በ1915 በኢፕር ግንባር የመርዝ ጋዝ በሰው ልጅ ላይ ሲለቀቅ በዓይናቸው ያዩ ወታደር ናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። በምሽግ ውስጥ ሳሉ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ከእጃቸው አልተለዩም፤ አንደኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሁለተኛው የታላቁ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ የፖዋንካሬ የፊዚክስ ድርሰት ነበር።

ከጦርነት የተመለሰው ሰው ወደ ምሕንድስና አልተመለሰም። ሒሳብና ፊዚክስ አጥንተው በ1920 የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ፤ በዚያው ዓመትም በመኸለን ከተማ ለጦር ተመላሾች ወደ ተከፈተው ዘርዐ ክህነት ቤት ገቡ። እዚያ ሳሉ በ1921 አንድ ትንሽ ጽሑፍ አዘጋጁ። የጽሑፉ ዓላማ የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ቃላት በዘመኑ ፊዚክስ መተርጐም ነበር። ወጣቱ ዘርዐ ክህነት ያን ጊዜ ሁለቱን መጻሕፍት መስመር በመስመር ለማግባባት ሞክረው ነበር ማለት ነው። ይህን ሙከራ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከ30 ዓመት በኋላ በዚሁ ጉዳይ ምን አቋም እንደ ያዙ ወደ ኋላ እናያለንና።

የአይንሽታይን ደቀ መዝሙር

በዚያ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንትን ሁሉ ያስደነቀው አዲስ ትምህርት አልበርት አይንሽታይን በኖቬምበር 1915 ያቀረቡት አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ነበር። ቀደም ሲል ስበት አንዱ አካል ሌላውን ከሩቅ የሚጎትትበት ኃይል ነው ይባል ነበር። አይንሽታይን ግን ቁስ አካል በዙሪያው ያለውን ሕዋና ጊዜ ራሱን እንደሚያጎብጥ አስተማሩ። በጠፍር አልጋ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ጠፍሩ ይረግባል፤ በአጠገቡ ያለው ቀላል ነገርም ማንም ሳይጎትተው ወደ እርሱ ያዘነብላል። ምሳሌው ሙሉ ባይሆንም ነገሩን ለመረዳት ይረዳል።

የመኸለን ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል መርሲዬ የዘርዐ ክህነቱን ተሰጥዎ አይተው ይህን ትምህርት እንዲያጠኑ ፈቀዱላቸው። ለሜትር በሴፕቴምበር 1923 ከካርዲናሉ እጅ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። ስለ አይንሽታይን ፊዚክስ በጻፉት ድርሰትም ከመንግሥት የጉዞ ድጋፍ አግኝተው በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ካምብሪጅ ተሻገሩ።

በካምብሪጅ መምህራቸው ሰር አርተር ኤዲንግተን ነበሩ። እኚህ ሊቅ በ1919 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚጎብጥ በመለካት የአይንሽታይንን ትምህርት ያረጋገጡ ናቸው። አባ ለሜትር ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ተቋም ከሃርሎው ሻፕሊ ጋር ሠሩ፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም ለሁለተኛ ዶክትሬት ተመዘገቡ። ከወረቀትና ከቀለም ብቻ ሳይሆን ከታላላቅ መነጽሮች አጠገብ ከሚያድሩት ሰዎችም መማር ፈለጉ። ስለዚህ የሩቅ ጋላክሲዎችን ብርሃን ለብዙ ዓመታት የለኩትን ቬስቶ ስላይፈርን በአሪዞና፣ ኤድዊን ሀብልን ደግሞ በካሊፎርኒያ ጎበኙ። የስላይፈር ልኬት አንድ እንግዳ ነገር ያመለክት ነበር፤ አብዛኞቹ ጋላክሲዎች በከፍተኛ ፍጥነት ከእኛ ይርቃሉ።

የ1927ቱ ጽሑፍ

አባ ለሜትር በ1925 ወደ ሉቫን ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። በ1927 በብራስልስ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ በፈረንሳይኛ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በዚህ ጽሑፍ የአይንሽታይንን የሒሳብ ቀመሮች ከጋላክሲዎች ፍጥነት ጋር አገናኝተው፣ ጋላክሲዎች የሚራራቁት ሕዋ ራሱ እየሰፋ በመሄዱ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። የሊጥ ምሳሌ እንውሰድ። ጥቁር አዝሙድ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ሲል እያንዳንዱ ፍሬ ከጎረቤቱ ይርቃል፤ ይሁን እንጂ ፍሬዎቹ በሊጡ ውስጥ አልተራመዱም፤ ሊጡ ነው ያራራቃቸው። ሁለት ፍሬዎች በመጀመሪያ ይበልጥ የተራራቁ ከሆኑም ይበልጥ በፍጥነት ይራራቃሉ።

አባ ለሜትር ይህን የመስፋት መጠን በቁጥር አስልተው በ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሰከንድ 625 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ጻፉ። ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር ወደ 70 ገደማ ነው፤ ልዩነቱም የመጣው በዚያ ዘመን የጋላክሲዎች ርቀት ከእውነተኛው በጣም አጥሮ ይገመት ስለ ነበር ነው። መንገዱ ግን ትክክል ነበር። ሀብል ዝነኛ ጽሑፋቸውን ያወጡት ከሁለት ዓመት በኋላ በ1929 ነው።

ሆኖም የሉቫኑን ካህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በኦክቶበር 1927 አይንሽታይን ለታላቅ ጉባኤ ወደ ብራስልስ ሲመጡ አባ ለሜትር አግኝተው አነጋገሩአቸው። አይንሽታይንም የሒሳቡን ትክክለኛነት ተቀብለው ፊዚክሱን ግን ፈጽሞ እንደማይቀበሉት በግልጽ ነገሩአቸው። አሌክሳንደር ፍሪድማን የተባሉ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅም በ1922 ተመሳሳይ ቀመር እንዳወጡ ከአይንሽታይን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። የ33 ዓመቱ ካህን በዘመኑ ታላቅ ሊቅ ቢነቀፉም አልተጨቃጨቁም፤ ሐሳባቸውንም አልጣሉም። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በ1930 ኤዲንግተን በዚሁ ጥያቄ ላይ ሲደክሙ የቀድሞ ተማሪያቸው የ1927ቱን ጽሑፍ አስታወሱአቸው። መምህሩም የጽሑፉን ዋጋ ተረድተው ለዓለም አስተዋወቁት፤ በ1931 በእንግሊዝኛ ታተመ። በዚህ ትርጉም ውስጥ የመስፋቱን መጠን የሚያሰላው ክፍል ተቀንሶ ነበር። ለብዙ ዘመን ቆርጦ ያስቀረው ማን ይሆን እየተባለ ይጠረጠር ነበር። በ2011 ግን የተገኘ ደብዳቤ እንዳሳየው፣ ጽሑፉን የተረጐሙትም ክፍሉን ያስቀሩትም አባ ለሜትር ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ ልኬቶች ስለ ተገኙ የቀድሞውን ቁጥር መድገም አስፈላጊ አልመሰላቸውም። ግኝቱ የእኔ ነው ብለው ለመከራከር አንድ ቀን እንኳ አልተነሡም።

የመጀመሪያው አቶምና የተሰረዘው አንቀጽ

ዩኒቨርስ እየሰፋ ከሄደ፣ ወደ ኋላ ሲታሰብ እየጠበበ መሄዱ ግድ ነው። አባ ለሜትር ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ሜይ 9 ቀን 1931 ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ደብዳቤ፣ ፍጥረተ ዓለም ሁሉ ከአንድ የመጀመሪያ አቶም መከፋፈል ሊጀምር እንደሚችል አመለከቱ። በዚያ ጅማሬ ላይ ሕዋና ጊዜ የሚባሉት ነገሮች ገና ትርጉም አልነበራቸውም፤ ትርጉም ያገኙት አቶሙ ከተከፋፈለ በኋላ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ረቂቅ ዛሬም አለ። በረቂቁ መጨረሻ ላይ አባ ለሜትር ስለ እግዚአብሔር የሚናገር አንቀጽ ጽፈው ነበር፤ ይዘቱም በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው አምላክ በባሕርዩ ስውር መሆኑን እንደሚያውቅ፣ የዘመኑ ፊዚክስም የፍጥረትን ምሥጢር የሚሸፍን መጋረጃ መስጠቱ እንደሚያስደስተው የሚገልጽ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ወደ መጽሔቱ ከመላኩ በፊት አንቀጹ ተሰረዘ። ያሰረዛቸው እፍረት አልነበረም፤ በየቀኑ ቅዳሴ የሚቀድሱ፣ በየዓመቱ ረጅም ሱባዔ የሚገቡ፣ የኢየሱስ ወዳጆች በተባለው የካህናት ማኅበር ውስጥ በድህነት መሐላ የኖሩ ሰው ናቸው። የሳይንስ ጽሑፍ በሳይንስ ማስረጃ ብቻ መቆም እንዳለበት ያምኑ ስለ ነበር ነው።

በ1933 በካሊፎርኒያ ትምህርታቸውን ሲሰጡ አይንሽታይን ከአድማጮቹ መካከል ነበሩ፤ ቀድሞ የነቀፉትን ሰው በዚህ ጊዜ በአድናቆት አጨበጨቡላቸው። በ1934 የቤልጅየም ከፍተኛ የሳይንስ ሽልማት የሆነው የፍራንኪ ሽልማት ከንጉሥ ሌዎፖልድ 3ኛ እጅ ተሰጣቸው። በ1936 የጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኑ።

የተሳሳቱበትም ነገር ነበር። ከጠፈር ወደ ምድር የሚወርዱት ኃይለኛ ጨረሮች ከመጀመሪያው አቶም የቀሩ ምልክቶች ናቸው ብለው ብዙ ዓመት ደክመዋል፤ ይህ ግምት ትክክል ሆኖ አልተገኘም። በሌላ በኩል አይንሽታይን በ1917 በቀመራቸው ውስጥ አስገብተው በ1931 የተዉትን አንድ ቁጥር አባ ለሜትር እስከ መጨረሻው ጠብቀው ያዙት። በ1998 የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ መሄዱ ሲታወቅ ያ ቁጥር ወደ ፊዚክስ ተመልሶ ገባ።

ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የቀረበ ምክር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዲስ ፈተና መጣ። እንግሊዛዊው ሊቅ ፍሬድ ሆይል ዩኒቨርስ ጅማሬ የለውም የሚል ተቃራኒ ትምህርት አቅርበው፣ በ1949 በሬዲዮ ሲናገሩ የአባ ለሜትርን ሐሳብ ታላቅ ፍንዳታ ብለው ሰየሙት። ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀረ። አንዳንድ ሊቃውንትም የካህኑን ትምህርት የተሸፈነ ኦሪት ዘፍጥረት ነው ብለው ይጠረጥሩት ነበር።

በዚህ መካከል ኖቬምበር 22 ቀን 1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ታላቅ ንግግር አደረጉ። በንግግራቸውም የዘመኑ ሳይንስ ስለ ዓለም ጅማሬ የሚለው ለፈጣሪ መኖር የሚመሰክር መሆኑን በደስታ ገለጹ። ብዙ ምእመናን ይህን ሲሰሙ ተደሰቱ። አባ ለሜትር ግን ተጨነቁ። አንድ ካህን የገዛ ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያን ራስ አንደበት ሲመሰገን ከመደሰት ይልቅ ስለምን ይጨነቃል?

ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የሳይንስ ግምት ነገ በአዲስ ልኬት ሊሻሻል ወይም ሊወድቅ ይችላል፤ እምነት በዚያ ላይ ከተገነባ ግምቱ ሲወድቅ አብሮ የሚናጋ ይመስላል። ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው። ሳይንስ የሚያጠናው ጅማሬና ሃይማኖት የሚያስተምረው ፍጥረት አንድ አይደሉም። ሳይንስ አንዱ የተፈጥሮ ሁኔታ ከሌላው እንዴት እንደ ተከተለ ይመረምራል። ፍጥረት ግን ነገር ሁሉ፣ ትናንትም ዛሬም፣ በህልውናው በእግዚአብሔር ላይ የተደገፈ መሆኑ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲኖም ዓለም በጊዜ መጀመሩ በእምነት የሚታወቅ እንጂ በአእምሮ ማስረጃ የሚረጋገጥ እንዳልሆነ አስቀድመው አስተምረው ነበር።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት አባ ለሜትር ወደ ሮም ሄደው የቫቲካን የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ ከነበሩት ከኢየሱሳዊው አባ ዳንኤል ኦኮነል ጋር ተመካከሩ፤ ጭንቀታቸውም በትሕትና ለሚመለከታቸው ደረሰ። በሴፕቴምበር 1952 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሮም ለተሰበሰቡት የዓለም የከዋክብት ሊቃውንት ሲናገሩ ያን የማስረጃ ሐሳብ አልደገሙትም። በ1921 ዘፍጥረትን በፊዚክስ ለመተርጐም የሞከሩት ወጣት በ57 ዓመታቸው የደረሱበት ቦታ ይህ ነበር። ካህኑ ለአባታቸው ታዛዥ ሆነው፣ እውነት የመሰላቸውንም ሳይደብቁ ኖሩ።

መምህርና ካህን

አባ ለሜትር ኑሮአቸው ሁሉ በመምህርነት አለፈ። ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ፒያኖ መጫወት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሉቫን ለሚማሩ ቻይናውያን ተማሪዎች መንፈሳዊ አገልግሎት ይሰጡ ነበር። በ1944 መኖሪያቸው በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ። በእርጅናቸውም ለአዲስ ነገር ልባቸው ክፍት ስለ ነበር በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር አስገብተው ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። በ1960 የጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ የሞንሲኞርነት ማዕርግም ተሰጣቸው።

በእነዚያ ዓመታት ከአራዳ ብዙም ሳይርቅ በአራት ኪሎ ተመሳሳይ ታሪክ ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ሉሲየን ማት ይመራ ነበር። በዚያው ኮሌጅ አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ኢየሱሳዊ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ተቋም መሥርተው የምድራችንን መንቀጥቀጥ መዘገቡ፤ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸውም በ1979 ታተመ። ካህን መሆንና የተፈጥሮን ሥራ በመሣሪያ መለካት ለከተማችን ሰው የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አልነበረም።

የመጨረሻው ዜና

ታላቁ ፍንዳታ ተብሎ የተቀለደበት ትምህርት እውነት ከሆነ፣ ከዚያ የጥንት ግለት የቀረ ደካማ ሙቀት በሰማይ ሁሉ ሊገኝ ይገባ ነበር። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1964 በሬዲዮ አንቴና ሲሠሩ ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ፣ ምንጩ የማይታወቅ ድምፅ አገኙ፤ በ1965ም ይኸው የሚፈለገው ሙቀት መሆኑ ታወቀ። መጠኑ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው።

አባ ለሜትር በዚያን ጊዜ በጽኑ ታመው ነበር። በጁን 1966 የቀድሞ ረዳታቸው ኦዶን ጎዳር ወደ ሕመም አልጋቸው መጥተው የግኝቱን ዜና አደረሱላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጁን 20 ቀን በሉቫን በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2018 የዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረት አባላት ድምፅ ሰጥተው፣ የሀብል ሕግ ይባል የነበረው የጋላክሲዎች መራራቅ ሕግ የሀብልና የለሜትር ሕግ ተብሎ እንዲጠራ ወሰኑ። እርሳቸው በሕይወታቸው ያልጠየቁት ክብር ከሞቱ ከ52 ዓመታት በኋላ ተሰጣቸው።

ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። መምህሩ ከሁለቱ አንዱን እንዲጥል ሊያስገድደው አይገባም፤ ሳይንሱ ለመጽሐፉ ማስረጃ ሆነ ብሎም በችኮላ ሊያስደስተው አይገባም። ይልቁንስ ጠዋት በመንበረ ታቦቱ ፊት ቆመው፣ ከሰዓት በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጽንፈ ዓለምን ስፋት ያሰሉትን የእኚህን ካህን ታሪክ ይንገረው። ተማሪውም የሳይንስ ትምህርቱን ተግቶ ያጥና፤ እሑድም ሳይፈራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይምጣ።